አንድ ወርን በሦስት ደቂቃ፦ ጅማ ላይ በአሮጌ ስልክ ታይምላፕስ መቅረጽ

ታይምላፕስ ማለት በየተወሰነ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎችን ቀጣጥሎ ረጅሙን ጊዜ በአጭር ቪዲዮ ማሳየት ነው። ለቀናትና ለሳምንታት የሚቀረጽ ታይምላፕስ በካሜራ ማነስ አይበላሽም። ባለ 8 ሜጋፒክስል አሮጌ ስልክ እንኳ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ከሚፈልገው አራት እጥፍ የሚጠጋ ፒክስል አለው። ድካሙን ውሃ የሚበላው በሌላ በኩል ነው፦ በሦስተኛው ቀን መብራት ይጠፋና ስልኩ ይሞታል፤ በአምስተኛው ቀን ስልኩ የተቀመጠበት ሳጥን መስታወት በውስጥ በኩል ያልበዋል፤ በዘጠነኛው ቀን ካርድ ሊቀይር የመጣ ሰው ሳጥኑን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ያላችሁን ጥቂት ብር ማቆሚያው፣ ሳጥኑና ኃይሉ ላይ አውሉት። ካሜራው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ቢሆን ምንም አይደለም፤ የሌንሱ መስታወት ብቻ ደህና ይሁን።

ሂሳቡ ይቅደም

ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፎቶ ይበላል። 10 ሰከንድ 250 ፎቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየስንት ደቂቃው ላንሳ?» ሳይሆን «ስንት ሰከንድ ቪዲዮ ነው የምፈልገው?» የሚለው ነው። ነገሩ የሚፈጀውን ጊዜ በፎቶው ብዛት አካፍሉት፤ የሚወጣው በአንዱና በሌላው ፎቶ መካከል የሚኖረው ክፍተት ነው።

ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናን እንውሰድ። ጀንፈሉ እስኪደርቅ 15 ቀን ይፈጃል ብንል፣ በቀን 10 ሰዓት ብርሃን ብንጠቀም በጠቅላላው 9,000 ደቂቃ አለን። የ20 ሰከንድ ቪዲዮ 500 ፎቶ ይፈልጋል፤ 9,000 ለ500 ሲካፈል 18 ደቂቃ ይወጣል። በተግባር ግን በየ6 ደቂቃው አንሱ። ቡናው ፀሐይ ሲከርርበትና ማታ ሲሆን ይሸፈናል፤ ዝናብ ሲያካፋ ሸራ ይጣልበታል፤ የሚያገላብጡት ሰዎች ሌንሱ ፊት ይቆማሉ። ይህ ሁሉ በኋላ ተለቅሞ ይወጣል። የተረፈ ፎቶ ይጣላል፤ ያልተነሳ ፎቶ ግን ከየትም አይመጣም።

ለሌላው ሥራ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ ገበያ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው 1 ወይም 2 ሰከንድ፣ ለደመና ከ3 እስከ 5 ሰከንድ፣ ለጠዋት ጉም ከ5 እስከ 10 ሰከንድ፣ ለቡና አበባ 2 ደቂቃ፣ ለሕንፃ ግንባታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በየ5 ደቂቃው በቀን 12 ሰዓት ቢነሳ በቀን 144፣ በ30 ቀን 4,320 ፎቶ ይሆናል፤ ይህም 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢይዝ ወደ 17 ጊጋባይት ይጠጋል፤ 32 ጊጋ ካርድ ይበቃዋል።

ካርድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በርካሽ የሚሸጥ «128 ጊጋ» ካርድ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሲሞላ ስህተት አያሳይም፤ አዲሱን ፎቶ ያበላሸዋል ወይም አሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ከመስቀላችሁ በፊት ካርዱን በትልልቅ ፊልሞች እስከ አፉ ሙሉትና የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ከፍታችሁ እዩ።

ሌንሱ ወዴት ይዙር?

ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። በዚህ የተነሳ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትውልም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ከጳጉሜን እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል። ስለዚህ ከመኸር እስከ በጋ የሚቀረጽ ሥራ ሌንሱ ወደ ሰሜን፣ በክረምት የሚቀረጽ ደግሞ ወደ ደቡብ ቢያይ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም። ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ያየ ካሜራ ጠዋት ወይም ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል በፀሐይ ይታወራል። ያ ሆን ተብሎ ለጀንበር የተሠራ ካልሆነ ከእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት መጣል ነው።

ከከተማው በላይ ጅሬን ላይ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ፣ ከተማውን ቁልቁል ለሚያነሳ ሰው ሌንሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የሚያየው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ስለምትመጣ ከተማው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ጀንበሯ ራሷ ፎቶው ውስጥ ገብታ ትጠልቃለች። ለአንድ ቀን ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ለአንድ ወር ግን ጠባቂም መብራትም ያለበት የከተማ ጣሪያ ይሻላል። የቦዬ ረግረግ የጠዋት ጉም ደግሞ በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ጉማሬ ያለበት ውሃ ስለሆነ ካሜራውን በቀን ሰቅሎ መሄድ እንጂ ሌሊት ዳር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የለም።

ጅማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከጠዋቱ 12፡15 እስከ 12፡55 ባለው ጊዜ ነው። ስልኩ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ስሙ ላይ 07 ተብሎ ይወጣል። ማስታወሻ ስትይዙ ከሁለቱ አንዱን ምረጡና አትቀላቅሉ፤ ከአሥር ቀን በኋላ «የ8 ሰዓቱ ፎቶ» የትኛው እንደሆነ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ይፈልገዋል።

ስልኩን ማዘጋጀት

ኦፕን ካሜራ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቅንብሩ ውስጥ ፎቶን እየደጋገመ የሚያነሳበት ክፍል አለ፤ ብዛቱን ገደብ የለሽ አድርጉ፣ ክፍተቱን ሞልታችሁ ተዉት። ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በቅንብሩ ውስጥ ካሜራ 2 ኤፒአይ (Camera2 API) የሚለውን ምረጡ፤ ያኔ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት) እና ፎከስ (ምስሉ የሚጠራበት ርቀት) በእጅ ይስተካከላሉ።

ከዚያ ስልኩን አደንቁሩት። ሲም ካርዱን አውጡ፣ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ፣ የስክሪን ቁልፉን አጥፉ፣ ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ሁሉ ዝጉ፣ ማንቂያ ደወል ካለ ሰርዙ። የባትሪ ቆጣቢው መተግበሪያውን እንዳይገድለው ለኦፕን ካሜራ ገደቡን አንሱለት። ይህ ከተረሳ ሥራው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰዓት ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል፤ የምታውቁት በሳምንቱ ነው። ፍላሽ፣ ኤችዲአር፣ «ብልህ ትዕይንት» የሚሉት ነገርና የሌሊት ሞድ ይጥፉ። የስክሪን ብርሃን ወደ መጨረሻው ዝቅታ ይውረድ፤ ኦፕን ካሜራ ራሱ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚጎትትበት ምርጫ ስላለው እሱንም አጥፉ።

ፎከስ በአውቶ ፈጽሞ አይተው። መስታወቱ ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ ስታርፍ አውቶ ፎከስ ጠብታዋን ይወዳታል፤ ከተማው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይደበዝዛል። ሩቅ ለሚታይ ነገር መጨረሻው ድረስ አድርሳችሁ ቆልፉት፣ አንድ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ አረጋግጡ። ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) «የቀን ብርሃን» ላይ ይቀመጥ፤ በአውቶ ከተተወ ደመና ባለፈ ቁጥር ቪዲዮው አንዴ ቢጫ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል።

ኤክስፖዠርን፣ ማለትም ፎቶው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ለአንድ ቀን ሥራ በእጅ ቆልፉት። የስልክ ሌንስ ቀዳዳ ሰፊና የማይቀየር ስለሆነ፣ የቀዳዳው ቁጥር (አፐርቸሩ) 2 በሆነ ስልክ በአይኤስኦ 100 በጠራ ፀሐይ ወደ 6,000ኛ የሰከንድ ክፋይ፣ በደመናማ ቀን ደግሞ ወደ 800ኛ አካባቢ ይፈልጋል። የነጣው ደመና በኋላ አይመለስም፤ የጠቆረው ግን በመጠኑ ይነሳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ አጨልሙ። ለሳምንታት ሥራ ግን ቆልፎ መሄድ አያዋጣም፤ የጅማ ሰማይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከፀሐይ ወደ ጥቁር ደመና ይገለበጣል። እዚያ ላይ አውቶ ኤክስፖዠር ተዉና አንድ ደረጃ ያህል (ብርሃኑን በግማሽ) ወደ ታች አውርዱት፤ የሚፈጠረውን ብልጭ ድርግም ኮምፒውተር ላይ እንቀንሰዋለን።

አሮጌ ዲጂታል ካሜራ በእጃችሁ ካለ ምስሉ ከስልክ ይበልጣል። ሆኖም ሸተሩ በየፎቶው ይለብሳል። ሌንሱም በየፎቶው ቀዳዳውን ሲከፍትና ሲዘጋ በፀጉር ያህል ስለሚለያይ የራሱን ብልጭታ ይጨምራል። ለአንድ ቀን ደመና ይሁን፤ ለወር ስልኩ ይሻላል። ኢኤስፒ32 ካም የሚባለው ካሜራ የተገጠመለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም አለ። ፎቶው 1,600 በ1,200 ፒክስል ብቻ ነው፤ በፎቶዎች መካከል ስለሚተኛ ኃይል አይበላም። ግን ፓወር ባንክ እንዲህ ትንሽ ሲጠጡለት «ማንም የለም» ብሎ ራሱን ስለሚያጠፋ በቀጥታ ባትሪ ነው የሚሠራው።

ኃይል

ስልካችሁ ምን ያህል እንደሚበላ መለካት ቀላል ነው። መቶ በመቶ ሙሉት፣ ከቻርጀር ንቀሉት፣ ልክ በሚሰቀልበት ቅንብር ለሁለት ሰዓት አስነሱት። 3,000 ሚሊአምፒር ባትሪ 11 ዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል። በሁለት ሰዓት 30 ከመቶ ከወረደ 3 ዋት ሰዓት ተኩል ያህል በልቷል፤ በሰዓት 1.7 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በቀንና ሌሊት 41 ዋት ሰዓት።

«ሌሊት ለምን ያነሳል?» ትሉ ይሆናል። ማታ ማታ ማጥፋት ማለት በየጠዋቱ ሳጥኑን መክፈት ማለት ነው፤ መክፈት ደግሞ ማንቀሳቀስ ነው። ሌሊቱንም ይሥራ፤ ጥቁሮቹ በኋላ ይጠረጋሉ። ሌላም ጥቅም አለው፦ የሚሠራ ስልክ ሳጥኑን በትንሹ ስለሚያሞቀው የንጋት ጤዛ መስታወቱ ላይ አይቋጠርም።

መብራት ካለ ከሁሉ የሚቀለው ቻርጀሩን ቀጥታ መሰካት ነው። መብራት ሲጠፋ የስልኩ የራሱ ባትሪ ለአምስት ስድስት ሰዓት ይሸፍናል። በመካከል ፓወር ባንክ ማስገባት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ አብዛኞቹ ግን እየተሞሉ መስጠት አይችሉም፣ የሚችሉትም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለአፍታ ይቆርጣሉ። ዋናው አደጋ ከዚያ በኋላ ነው፦ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ቆይቶ ስልኩ ከሞተ፣ መብራት ሲመለስ ይሞላል እንጂ ራሱ ተነስቶ ካሜራ አይከፍትም። ስለዚህ ረጅም መጥፋት ባጋጠመ ቁጥር ሄዶ ማየት ግዴታ ነው።

መብራት በሌለበት ለጥቂት ቀናት ከሆነ ሁለት ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ እየቀያየሩ መሥራት ይቻላል። 20,000 የሚለው የውስጥ ባትሪው ልክ ነው፤ በገመዱ የሚወጣው ከ74 ዋት ሰዓት ውስጥ 48 አካባቢ ነው፤ ለ28 ሰዓት ይበቃል። ፓወር ባንኩን ከካሜራው ሳጥን ውጭ፣ ከታች በሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጉትና በሁለት ሜትር ገመድ አገናኙት፤ ሲቀየር ካሜራው አይነካም።

ለሳምንታት ከሆነ ሶላር ነው። ስልኩ 41 ዋት ሰዓት ቢበላም የባትሪውን 12 ቮልት ለስልኩ ወደ 5 በሚያወርደው መቀነሻ ላይ የሚባክነው ሲታሰብ በቀን 48 ያስፈልጋል። በበጋ 20 ዋት ፓናል ይበቃል፤ በክረምት ግን ደመናው ስለሚውል 40 ዋት ካልሆነ ባትሪው በየቀኑ እየወረደ ሄዶ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ሁለት ጨለማ ቀን እንዲያሻግር ባለ 12 ቮልት 18 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያዙ፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚቆጠረው ግማሹ ብቻ ነው። ከአሮጌ ዩፒኤስ (የኮምፒውተር መጠባበቂያ ኃይል) የወጣች የ7 አምፒር ባትሪ ደህና ብትሆን እንኳ የአንድ ቀን ጉድ ብቻ ናት። ፓናሉን ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ማዘንበሉ ከፀሐይ ይልቅ ለዝናቡ ነው፣ አቧራውን ያጥበዋል።

ጀርባው ያበጠ ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙቀት ባለበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ሌት ተቀን እየተሞላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሳጥኑ

20 በ15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሸጥ የፕላስቲክ ሳጥን ምርጥ ነው፤ ክዳኑ በጎማ የሚዘጋ የምግብ ዕቃም ይሠራል። ፕላስቲኩ ራሱ የሚያሳይ ቢሆንም በእሱ በኩል አታንሱ፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ሌንሱ በሚያርፍበት ቦታ 5 ሴንቲ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ከመስታወት ቆራጭ ዘንድ ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት 8 በ8 አስቆርጡ፣ በሲሊኮን ከውጭ ለጥፉት። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን እስኪደርቅ የሚያወጣው ትነት ለስልክ አይበጅም፤ ሳጥኑን ከፍታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አስገቡ።

ሌንሱ ከመስታወቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ። ከራቀ የስልኩ ነጸብራቅ በየፎቶው ላይ መንፈስ ሆኖ ይታያል። ክፍተቱን ለመድፈን ከብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ቀለበት በሌንሱ ዙሪያ አድርጉ፤ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን አይመልስም፣ ለስለስ ያለ ስለሆነም ስልኩን ይይዘዋል። ሳጥኑን በትንሹ ወደ ፊት ደፋ አድርጉት፤ ውሃው ከመስታወቱ ይንሸራተታል። ከላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ የሚወጣ ቆብ ይኑረው፤ ጫፉ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አንስታችሁ እዩ። ስልኩ ወይም ቻርጀሩ ላይ የሚበራ ትንሽ መብራት ካለ በጥቁር ናስትሮ ሸፍኑት። ብርሃን ትንኝ ይጠራል፣ ትንኝ ሸረሪት ይጠራል፣ ሸረሪቷ ደግሞ ድሯን የምታደራው ቆቡ ሥር፣ ልክ ሌንሱ ፊት ነው።

ላብ ዋናው ጠላት ነው። ጠዋት በጉም መካከል ሳጥን የዘጋ ሰው እርጥበቱን አብሮ ዘግቶበታል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ መስታወቱ ላይ ይቋጠራል። ሳጥኑ የሚዘጋው ዝናብ በሌለበት ቀን ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዝጉትና ከጫማና ከቦርሳ ካርቶን የሚገኙትን ትንንሽ ሲሊካ ጄል ከረጢቶች ወደ አሥር አድርጉበት። ጠጠሮቹን ከወረቀቱ አውጥታችሁ በብረት ምጣድ በለዘብተኛ እሳት ለአንድ ሰዓት ብታሞቋቸው ኃይላቸው ይመለሳል፤ ሰማያዊ የሆኑትን ግን ምግብ በሚሠራበት ዕቃ አትንኩ፣ መርዝ አላቸው። ጥሬ ሩዝ የሚሉት ለዚህ አይረዳም። ከሳምንት በላይ ከሆነ ጄሉም ይጠግባልና ዘዴው ይገለበጣል፦ ከታች በዝቅተኛው ጥግ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ በአጎበር ቁራጭ ሸፍኑት፣ አየር ይግባ ይውጣ። ገመዱ የሚገባውም ከታች ይሁን፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ይታጠፍ፣ ውሃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ፀሐይ ሳጥኑን በቀጥታ ከመታው ስልኩ ይግልና ካሜራውን ራሱ ይዘጋዋል። ሳጥኑን ነጭ ቀቡት፤ ከበላዩ በሁለት ሴንቲ ክፍተት ሌላ ነጭ ቆርቆሮ ጣሪያ አድርጉለት።

ማቆሚያው

እንጨት አትመኑ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ የደረቀውም በዝናብ ያብጣል፤ በአንድ ወር ቪዲዮ ውስጥ አድማሱ እንደ ጀልባ ሲዘም ይታያል። የቆመ ዛፍ ከዚህም ይብሳል፤ ነፋሱ ሲወዘውዘው፣ ጦጣ ደግሞ ሳጥኑን ሊከፍት ሲታገል ይውላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው ይነሳል፣ ማታ ይወርዳል። የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ማማም ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ይነቃነቃል።

በርካሽ ከሚገኘው ሁሉ የሚሻለው ግድግዳ ላይ የቀረ አሮጌ የዲሽ ማቆሚያ ነው። ነፋስ እንዲችል የተሠራ ነው፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይስተካከላል፣ በብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ዲሹ ወርዶ እሱ ብቻ ቆሟል። ከሌለ ብየዳ ቤት አንድ ሜትር ቱቦላሬ ላይ 10 በ15 ላሜራ አስበይዱና በአራት ፊሸርና ብሎን በኮንክሪት ላይ እሰሩ። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ፊሸር ይላላልና ኮለኑን ፈልጉ። ሳጥኑን በላሜራው ላይ ቢያንስ በሁለት ብሎን እሰሩት፤ በአንድ ብሎን የታሰረ ይዞራል። ካጠበቃችሁ በኋላ በማይጠፋ እስክሪብቶ በሳጥኑና በላሜራው ላይ የሚያልፍ መስመር አስምሩ፤ ሳጥኑ ቢንቀሳቀስ በእሱ ይታወቃል።

ካርድ ለመቀየር ሳጥኑ መከፈቱ ካልቀረ ኦፕን ካሜራ የመጨረሻውን ፎቶ እንደ ጥላ በስክሪኑ ላይ የሚያሳይበት ምርጫ አለው። እሱን አብርታችሁ የአንድ ሕንፃ ጠርዝ ከጥላው ጠርዝ ጋር እስኪገጥም አስተካክሉ፣ ከዚያ አጥፉትና ዝጉ። ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ማንሳትም ያድናል፤ 4,000 ፒክስል ስፋት ካለው ፎቶ ላይ 1,920 ብቻ ስለምትፈልጉ የሚቆረጥ ብዙ ትርፍ አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት በየአንድ ሰከንዱ 20 ፎቶ አንሱና ወዲያ ወዲህ እያላችሁ እዩ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የቆመው ነገር ከተንቀጠቀጠ ያልጠበቀ ብሎን አለ።

የቡና አበባ

ጅማ ድረስ መጥቶ ደመና ብቻ ማንሳት ያሳዝናል። የቡና አበባ ታይምላፕስ ከባድ የሚሆነው በቴክኒኩ ሳይሆን በቀን አቆጣጠሩ ነው። እምቡጡ በደረቁ ወራት ተኝቶ ይቆይና ደህና ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፤ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳው በአንድ ጠዋት ነጭ ይሆናል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል። ስለዚህ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ መሬቱን ያራሰ ዝናብ ሲጥል ቀኑን ጻፉና በስድስተኛው ቀን ካሜራውን ትከሉ። እምቡጦቹ ረዝመው ከአረንጓዴ ወደ ነጭ ሲሄዱና ትንንሽ ሻማ ሲመስሉ አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቷቸዋል።

ቅርንጫፉን ባለበት ከተዋችሁት ነፋስ ያበላሸዋል። ከሚነሳው አንጓ በስተግራና በስተቀኝ ሁለት ችካል ትከሉና ቅርንጫፉን በለስላሳ ጨርቅ እሰሩ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታሰረ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ስልኩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ፎከስ በእጅ እምቡጡ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከጫፉ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፣ ሲፈካ ወደ ሌንሱ ይመጣልና።

አበባው የሚከፈተው ሊነጋ ሲል ስለሆነ ያለ መብራት ዋናው ነገር በጨለማ ያመልጣል። በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና፣ ሌት ተቀን ትብራ። ኤክስፖዠሩ ለዚያች መብራት ይቆለፍ፤ ቀን ላይ ግን ከውጭ የሚገባው ብርሃን እንዳይበዛ ከላይና ከጎን ጥላ ይደረግ። ነጭ አበባ በቀላሉ ይቃጠላል፤ አንድ ደረጃ አጨልሙ። በየ2 ደቂቃው ለሦስት ቀን ሌት ተቀን 2,160 ፎቶ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለመፍካቱ የሚያስፈልገው የአንድ ሌሊት ያህሉ ነው።

ሰው

የተሰቀለ ሳጥን ጥያቄ ያስነሳል፤ በተለይ ባትሪና ገመድ ሲታይበት። ለሕንፃው ባለቤትና ለጥበቃው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ለቀበሌውም ማሳወቁ ይበጃል፤ ሳጥኑ ላይ ምን እንደሆነና የሚደወልበትን ስልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ለጥፉ። የሰው ግቢ ውስጥ የሚያይ አቅጣጫ አይመረጥም። ለቅርስ፣ ለኤርፖርትና ለመንግሥት ተቋም አካባቢ ያለ ፈቃድ ወረቀት አትሞክሩት።

ኮምፒውተር ላይ

ፎቶዎቹን ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ ከዚያ በፋይል መጠን ደርድሯቸው። የሌሊት ጥቁሮቹና ጉም የሸፈናቸው መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም በአንድ በኩል ይሰበሰባሉ፤ ሺህ ፎቶ አንድ በአንድ ከማየት ያድናል። ካጠፋችሁ በኋላ በቀን መልሳችሁ ደርድሩ። አብዛኛው የቪዲዮ ፕሮግራም ተከታታይ ቁጥር ስለሚፈልግ ኢርፋንቪው በሚባለው የፎቶ ማያ ፕሮግራም ከ0001 ጀምሮ ስማቸውን በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

ሾትከት የሚባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ደካማ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል። ፕሮጀክቱን በሰከንድ 25 ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ምስል) ክፈቱ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ ጎትታችሁ አስገቡ፣ ባሕርያቱ ውስጥ የምስል ቅደም ተከተል የሚለውን ምልክት አድርጉና ድግግሞሹን 1 አድርጉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ሌላው ማቀነባበሪያ ነፃው ቅጂ ተከታታይ ቁጥር ያላቸውን ፎቶዎች ራሱ እንደ አንድ ቪዲዮ ያያቸዋል፤ ጠንካራ ማሽን ግን ይፈልጋል።

ብልጭ ድርግሙ ሁለት ዓይነት ነው። ካሜራው ራሱ የፈጠረው ጥቃቅን የብርሃን መለዋወጥ በማጣሪያ ይስተካከላል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የቪዲዮ ፕሮግራም) ውስጥ ዲፍሊከር የሚባለው በነፃ ይሠራዋል። ፀሐይና ደመና እየተፈራረቁ ያመጡት ግን እውነተኛ የብርሃን ለውጥ ስለሆነ ማጣሪያ አያጠፋውም። ለግንባታ ሥራ የሚያዋጣው ከእያንዳንዱ ቀን ደመና የነበረባቸውን ፎቶዎች ብቻ መምረጥ፣ ወይም ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያሉትን ብቻ መውሰድ ነው፤ ጥላው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ይሆናል። ፎቶ ከበዛላችሁ ደግሞ አራት አራቱን አዋህዳችሁ አንድ ፍሬም ማድረግ ይቻላል፤ ብልጭታውም ይለዝባል፣ የሚሮጠው ሰውም እንደ ጥላ ይፈስሳል።

የዲሽ ማቆሚያውን ከግድግዳው የምትፈቱት ይህ ሁሉ በትንሽ ጥራት ተገጣጥሞ ከታየ በኋላ ነው። መሐል ላይ የጎደለ ሦስት ቀን ቢገኝ ሳጥኑ ገና በመስመሩ ላይ ስለሆነ መልሶ ማንሳት ይቻላል።